ሰው እጀታ የለውም

ዛሬ ጠዋት ባዶ ጀሪካን አንስቼ ወደቅሁ። ሙሉው ጥሎኝ ቢሆን ለሰው የሚነገር ወግ ይወጣው ነበር። ውኃ ያለበት መስሎኝ፣ እንደ ልማዴ እግሬን ከፈት፣ ወገቤን ቀጥ፣ ትንፋሼን ዋጥ አድርጌ፣ በሰባዎቹ ዕድሜ የሚገኘውን ጉልበት በሙሉ አሰባስቤ ወደ ላይ መነጨቅሁት። ጀሪካኑ እንደ ላባ ተነስቶ አገጬን ነረተኝ። እኔ ወደ ኋላ ሄድኩና ከቡፌው ጋር ተላተምኩ። ውስጥ የተደረደሩት ብርጭቆዎች ሲንቀጫቀጩ ቆዩ፤ እኔም ወለሉ ላይ ቁጭ ብዬ ስቀው እስኪጨርሱ ጠበቅኋቸው።

ነገሩ እንዲህ ነው። እኛ ሰፈር ውኃ በፈረቃ ነው የሚመጣው። የመጣ ለት ጀሪካን መሙላት የእኔ ሥራ ነው። ትናንት መጥቶ ሄዷል፤ እኔ ሶፋው ላይ አንቀላፍቼ ነበር። ጠዋት ስነሳ ግን እንደ ሞላሁ እርግጠኛ ነበርኩ። ሌላው ሽማግሌ የሠራውን ይረሳል፤ እኔ ያልሠራሁትን ማስታወስ ጀምሬአለሁ።

ድሮ ውኃው ሲመጣ ከመኝታ ቤት፣ "አንተ ሰውዬ፣ ቧንቧው እየተነፈሰ ነው፣ ተነስ" የሚል ድምፅ ነበር። አሁን የለም። ባለቤቴ ሞታ እንዳይመስላችሁ። ቦሌ ነች። ሩቅ አይደለም፤ መገናኛ ላይ ታክሲ ቀይሮ መሄድ ነው። ግን ከቦሌ ተጣርቶ ሰውን ከእንቅልፉ መቀስቀስ አይቻልም።

እሷ እንዴት ቦሌ እንደ ሄደች፣ እኔም በዚህ ዕድሜዬ ብረትና ጀሪካን ማንሳት እንዴት እንደ ጀመርኩ፣ ሁለቱ አንድ ታሪክ ነው።

ዕድሜዬን የፈጀሁት ማተሚያ ቤት ውስጥ ነው፤ ፊደል አራሚ ሆኜ። በዚያ ሁሉ ዘመን ያነሳሁት ትልቁ ሸክም ቀይ እስክሪብቶ ነበር። ሰውነቴም ለሥራው የተቆረጠ ነው፤ በጎን ላየኝ ሰው ከመስመሩ የወደቀ ነጠላ ሰረዝ እመስላለሁ። ባለቤቴ ደግሞ ሙሉ ሰው ነች። በሠርጋችን ዕለት ከጎኗ ቆሜ ሳለሁ አንድ የሩቅ ዘመዷ፣ "ሙሽራው ገና አልመጣም?" ብሎ የጠየቀው እኔኑ ነው። ይህን ወሬ ዕድሜ ልኳን እንግዳ በመጣ ቁጥር ስታወራው ኖራለች። እኔም በየጊዜው አዲስ እንደ ሰማ ሰው ስስቅ ኖሬአለሁ።

አምና ክረምቱ ሲገባ ስትሮክ መታት። ግራ እጇና ግራ እግሯ አንታዘዝም አሉ። ምላሷ ተረፈ። ሐኪሙ ይህን እንደ ትልቅ የምሥራች ነገረኝ፤ እኔም የሚጠበቅብኝን ያህል ደስ አለኝ።

ቤታችን ሳሊተ ምሕረት አካባቢ ካሉት ኮንዶሚኒየሞች በአንዱ፣ አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። ዕጣው የወጣልን ጊዜ አራተኛ ፎቅ በመሆኑ ደስ ብሎን ነበር። አቧራ አይደርስም፣ ሌባ አይወጣም፣ ነፋሱ ጥሩ ነው ተባብለን። ስለ ሊፍት ትዝ ያለው ሰው አልነበረም። ሊፍት የሚባል ነገር ለሰነፍና ለሆቴል እንግዳ የተሠራ ነበር የሚመስለን። ያን ጊዜ ሁለታችንም ዕቃ ተሸክመን እየተሽቀዳደምን ነበር የምንወጣው፤ ቀድማኝ ደርሳ በሩን ከውስጥ ቆልፋ የምታስለምነኝም ጊዜ ነበር።

ከታመመች ወዲህ በየሳምንቱ መገናኛ ወዳለ ክሊኒክ እየሄደች እግሯን ማፍታታት ነበረባት። ስለዚህ በየሳምንቱ አራት ፎቅ የሚያወርዳትና አራት ፎቅ የሚያወጣት ሰው ያስፈልጋል። መጀመሪያ ላይ ከጎናችን ካለው የሕንፃ ሥራ ሁለት የቀን ሠራተኞች እየጠራሁ፣ በፕላስቲክ ወንበር አስቀምጠው ያወርዷት ነበር። ጨዋዎች ናቸው፤ ጠንካሮችም ናቸው። እሷ ግን ገና ከበሩ ሳይወጡ ነጠላዋን ፊቷ ላይ ትጥለዋለች። በየፎቁ በር ተከፍቶ "ምሕረቱን ያምጣልዎ እትዬ" ስትባል ከነጠላው ስር መልስ አይሰማም።

አንድ ቀን ከክሊኒክ ተመልሰን አልጋዋ ላይ ከተደላደለች በኋላ፣ "ሬሳ ከእኔ ይሻላል" አለችኝ።

"ምን ማለት ነው እሱ?"

"ሬሳ ማን እንደ ተሸከመው አያውቅም። እኔ የሰውየው ትንፋሽ ምን ምን እንደሚል ሁሉ አውቃለሁ። ዛሬ ቁርሱን ነጭ ሽንኩርት በልቷል።"

ልጃችን አንድ ናት። ቦሌ፣ ሊፍት ያለው አፓርታማ ውስጥ ትኖራለች። ሕንፃው ጀነሬተርም አለው፤ መብራት ቢጠፋ እንኳ ሊፍቱ አይቆምም። ይህን በመጣች ቁጥር ትነግረናለች። "እማዬ እኔ ጋ ትምጣ፤ አንተም ና" ትለኛለች። ለእኔ የታሰበልኝ ልብስ የሚተኮስበት ክፍል ነው። ሄጄ አይቼዋለሁ። ተጣጣፊ አልጋ ይገባዋል፤ አልጋው ሲገባ ግን በሩ አይዘጋም። ባለቤቴ በበኩሏ፣ ከቤቴ የምወጣው በሣጥን ነው አለች። ያን ቤት ለማግኘት በእቁብና በቁጠባ ስትፍጨረጨር የኖረችው እሷ ነች። እኔማ በኪራይ ቤት ብሞትም ግድ አልነበረኝም።

የጥምቀት ሰሞን ልጅቷ መጣችና ከእናቷ አልጋ አጠገብ ቆማ ጠየቀችኝ።

"እሺ አባዬ፣ ማን ያነሳታል? እስከ መቼ ነው በቀን ሠራተኛ?"

"እኔ አነሳታለሁ።"

"አባዬ፣ ቀልዱን ተወው እስቲ።"

ቀልድ አልነበረም። ሆኖም ከአልጋው በኩል ሳቅ ተሰማ። ከታመመች ጀምሮ ስትስቅ ሰምቻት አላውቅም ነበር። አፏ ወደ አንድ በኩል እየሄደባት፣ እንባዋ እስኪመጣ ሳቀች። ከዚያ ለልጇ፣ "ይሞክረኝ" አለቻት። "እስከ ፋሲካ ጊዜ ስጪው። ካላነሳኝ ያኔ አንቺ ጋ እመጣለሁ።"

ውሉ ይኸው ነበር። ከፋሲካ በኋላ ባለው በመጀመሪያው የክሊኒክ ቀን እሷን ከአልጋዋ አንስቼ ታች ድረስ ካወረድኳት ቤቷ ትኖራለች። ካልቻልኩ ቦሌ ትሄዳለች።

ሁለተኛ ፎቅ ላይ የሚኖር ጎረቤት አለኝ፤ መገናኛ የመኪና መለዋወጫ ይሸጣል። ሃምሳን አልፏል። በወጣትነቱ ብረት ይገፋ ነበር። ማስረጃም አለው፤ ዘይት ተቀብቶ በቁምጣ ብቻ የተነሳው ፎቶ ስልኩ ላይ ይገኛል። ያላየው የብሎካችን ነዋሪ የለም። ጠበል ሊረጩ የመጡት ቄስ እንኳ አይተውታል። አሁን ከዚያ ሰውነት የቀረለት አንድ ትልቅ ሆድ ነው። ጉዳዬን ስነግረው አልሳቀም፤ ይህ ራሱ ሊያጠራጥረኝ ይገባ ነበር።

"ጋሼ፣ ብረት ማለት ሃይማኖት ነው" አለኝ።

"አንተ ለመጨረሻ ጊዜ የቆረብከው መቼ ነው ታዲያ?"

ሆዱን መታ መታ አደረገው። "እኔማ ከተወገዝኩ ቆየሁ። ለእርስዎ ግን ዕቃው አለ።"

ዕቃው በረንዳው ላይ ነበር። አንድ የብረት አግዳሚ፣ አንድ ደግሞ ከግራና ከቀኝ ሲሚንቶ የተሞላ የቀለም ጣሳ የተተከለበት የቧንቧ ብረት። አግዳሚው ላይ ሚስቱ በርበሬ ታሰጣበታለች። በርበሬዋን እያጉረመረመች ወደ ሰፌድ ገለበጠችና ወሰድነው። ሳሎን ሶፋውን ገፍተን ከመኝታ ቤቱ በር ትይዩ አስቀመጥነው፤ ባለቤቴ ከአልጋዋ እንድታየኝ። "ብረት ያለ ተመልካች አይገፋም" አለ ጎረቤቴ።

ሸሚዜን አውልቄ በካናቴራ ጋደም አልኩ። ገፋሁ፤ መለስኩ፤ ገፋሁ። ላብ መጣ። ከዚያ ጀርባዬ መንደድ ጀመረ።

"ያቃጥላል" አልኩት።

"ማቃጠል አለበት ጋሼ። ጡንቻው እየተነሳ ነው።"

"የምንሠራው ደረት ነው፤ የሚነደኝ ጀርባዬ ነው።"

"የእርስዎ ሰውነት ቶሎ የሚቀበል ዓይነት ሆኖ ነው።"

የደረሰችበት ባለቤቴ ናት። "በርበሬው ነው" አለች ከውስጥ። "አንተ ሰውዬ፣ እንደ ቋንጣ ታሽተሃል እኮ። የቀረህ ገመድ ላይ መሰቀል ነው።" ጀርባዬን በእርጥብ ፎጣ የጠረገልኝ ጎረቤቴ ነው። ሲጠርግም፣ በእሱ ጊዜ እንዲህ ያለ ነገር እንዳልነበረ ይነግረኝ ነበር።

ከዚያ ወዲያ በየጠዋቱ ብረት ሆነ ሥራዬ። ጎረቤቴ ሱቁን ከመክፈቱ በፊት ብቅ ብሎ ያየኛል። ያዘዘልኝ ሁሉ ደረት ነው። ጋደም ብሎ መግፋት። "ደረት ሲመጣ ሌላው ተከትሎ ይመጣል" ይላል። እኔም ታዛዥ ተማሪ ነኝ። የሰው ጽሑፍ ሳርም የኖርኩ ሰው፣ የሰው ስህተት ሲሰጠኝ ግን ሳላርም ነው የምቀበለው።

ብረቱ ደረቴ ላይ የቀረው እሱ ባልመጣ ቀን ነው። አወረድኩት፤ አልመለስም አለኝ። ከአንገቴ ዝቅ ብሎ ተደላድሎ ተቀመጠ።

"ምነው ዝም አልክ?" አለች ከውስጥ።

"እያረፍኩ ነው።"

"ብረቱን ታቅፈህ?"

መልስ ለመስጠት ትንፋሽ አጠረኝ።

"ተይዘሃል አይደል?"

"ተይዣለሁ።"

እሷ ከአልጋዋ መነሳት አትችልም፤ እኔ ከአግዳሚው መነሳት አልችልም። በተከፈተው በር በኩል እግሯን አያለሁ፤ እሷም እግሬን ታያለች።

"እንግዲህ ማን ማንን ያንሳ?" አለች ቀስ ብላ።

"ለልጅቷ እንዳትደውዪ።"

"አልደውልም። እኔም ቤቴን እወዳለሁ።"

እንደ ምንም አንዱን ጎን አዘንብዬ ብረቱን ወለሉ ላይ ለቀቅሁት። ከታች ያለችው ጎረቤታችን በመጥረጊያ እንጨት ጣሪያዋን ደበደበች። ቁርስ ሳጎርሳት ስለ ብረቱ አላወራንም። እሷ ግን በደህና እጇ አንገቴ ስር የወጣውን ሰንበር ዳሰስ አድርጋ ተወችው።

ዓቢይ ጾም ገባ። ጎረቤቴ ደግሞ እንቁላል እንቁላል ይለኝ ጀመር።

"ጋሼ፣ ያለ እንቁላል ደረት አይመጣም። ይሄ ሳይንስ ነው።"

"ጾም ነው እኮ።"

"ለመድኃኒት ይፈቀዳል።"

"ደረት ከመቼ ወዲህ ነው መድኃኒት የሆነው?"

ባለቤቴ ይህን ሁሉ ትሰማለች። የንስሐ አባታችን፣ አንቺ በሽተኛ ነሽ፣ ብዪ ብለዋት እንቢ ብላ የምትጾም ሴት ናት። "ለጡንቻ ብሎ ጾም የገደፈ ባል አያነሳኝም" አለች። "ባቄላ ይብላ።" ባቄላ በላሁ። ሽምብራም ምስርም በላሁ። ማታ ማታ ሆዴ የሚለውን ጨዋ ሰው አይጽፈውም። እሷ ግን በጨለማ ውስጥ ሆና፣ "ጉልበትህ በየት በኩል እየወጣ እንደሆነ ገባኝ" ትለኝ ነበር።

በዚያው ሰሞን ልጃችን ጋ ስሄድ ቦሌ መንገድ ላይ አንድ ጂም አየሁ። ግድግዳው መስታወት ነው። ውስጥ ያሉት ወጣቶች የትም በማያደርስ ማሽን ላይ ይሮጣሉ። ምን አገባህ የሚለኝ ስላልነበረ ገባሁ። በሩ ላይ የተቀመጠችው ልጅ ፈገግ አለች።

"ዌልካም አባባ። ለልጅዎ ነው?"

"ለራሴ ነው።"

"ዋው። ካርዲዮ ነው ወይስ ዌይት? ማለቴ፣ ጎልዎት ምንድነው?"

"ሚስቴን ማንሳት ነው።"

እጇን አፏ ላይ አድርጋ ሳቀች። ለጓደኛዋም ነገረቻት፤ እሷም ሳቀች። ከመውጣቴ በፊት ወረቀት ሰጡኝ፤ ለአዛውንቶች ቁጭ ተብሎ የሚሠራ ነገር እንዳለ የሚገልጽ። ጥሩ ልጆች ናቸው። በሚስቱ የሚቀልድ የቦሌ ሽማግሌ ብዙ ስላለ እኔንም ከዚያው ደምረውኝ ነው።

ይሁንና ደረቴ መጣ። ይህን ስጽፍ አላፍርም፤ በዚህ ዕድሜ የሚመጣ ነገር ጥቂት ነው። የሸሚዜ ቁልፍ ይጨንቀው ጀመር። ጎረቤቴ የፋሲካ በግ እንደሚገዛ ሰው በአውራ ጣቱ ጫን ጫን አድርጎኝ "ይዟል" አለ። የግቢው ጥበቃ ደግሞ፣ "አባባ፣ ምነው ሊያገቡ ነው እንዴ?" አለኝ። "ያገባኋትን ላነሳ ነው" አልኩት። ቤት ሰው ሳይኖር፣ ማለትም እሷ ተኝታ ሳለች፣ ቡፌው መስታወት ላይ በጎን ቆሜ ራሴን አያለሁ። ነጠላ ሰረዙ ድርብ ሰረዝ ሊሆን ምንም አልቀረውም።

እንግዲህ አስቀድመህ ለምን አልሞከርካትም የሚል ይኖራል። በየቀኑ ከአልጋ ወደ ወንበር አዛውራታለሁ፤ ያ ግን በደህና እግሯ ቆማ፣ ግማሹን ሥራ ራሷ እየሠራች ነው። ሙሉ በሙሉ ላንሳሽ እስቲ ስላት፣ "ሠርጉ ሳይደርስ ሙሽራ አይነካም" ትለኛለች። አሁን ሳስበው፣ ሁለታችንም ፈርተን ነበር።

ፋሲካ መጣ። ጾሙ ተፈታ። ዶሮው ቀረበና ከወጡ ውስጥ እንቁላሉን አውጥታ በቀኝ እጇ አጎረሰችኝ። "አሁን ብላ" አለች። "አንድ እንቁላል ያደረገውን ያድርግ።"

የክሊኒኩ ቀን ልጃችን በማለዳ መኪናዋን ይዛ መጣች። ባለቤቴ ነጭ ቀሚሷን አምጣ አለችኝ። ፀጉሯን በአንድ እጇ አበጠረች። ነጠላዋን ሰጠኋት። ትከሻዋ ላይ ጣል አድርጋ ፊቷን ተወችው። ፍርሃት የገባኝ ያን ጊዜ ነው።

አንድ እጄን ከጉልበቷ ስር፣ አንዱን ከጀርባዋ አሳለፍኩ። ብረት ደግ ነገር ነው። የት እንደምትይዘው ታውቃለህ። መሃሉን ካገኘህ ሁለቱ ጎን እኩል ነው። ስታነሳው አይፈራም፤ አንገትህን አያንቅም፤ እግሬን እግሬን አይልህም። ሰው እጀታ የለውም። የታመመው ጎኗ እንደ ውኃ ይፈሳል፤ ደህናው ጎኗ እንደ ጉጠት ይይዛል። የትኛውን ጎን እንደምከተል ሳላውቅ ብድግ አደረግኳት።

ተነሳች። ልጃችን "አባዬ" አለች። በሩን አለፍን። ደረጃውን ጀመርኩ። እውነቱን ለመናገር የወረደው ክብደቱ ነው፤ እኔ ተከትዬው ነው። ሦስተኛ ፎቅ ስንደርስ እግሬ መንቀጥቀጥ ጀመረ። ክንዴ አይደለም፤ እግሬ ነው። ከዚያ ወገቤ። ደረቴ ምንም አልሆነም። ያ ሁሉ የተለፋበት ደረት እንደ ክብር እንግዳ ተቀምጦ ያየን ነበር።

"አስቀምጠኝ" አለች ጆሮዬ ስር።

"ትንሽ ነው የቀረን።"

"ብብቴን እየቆነጠጥከኝ ነው። አስቀምጠኝ።"

ማስቀመጥም ለካ የራሱ ጉልበት አለው። ግድግዳውን ተደግፌ ተንሸራተትኩና ሁለታችንም ደረጃው ላይ ቁጭ አልን፤ እሷ ጭኔ ላይ። ላብ ከአገጬ ወርዶ ነጩ ቀሚሷ ላይ ይንጠባጠባል። ለመጥረግ እጄን ላወጣ ብል እጄ ከስሯ አልወጣ አለ። ልጃችን ከላይ ቆማ ታየናለች። አላልኩህም ብትለኝ ጥሩ ነበር፤ መልስ አዘጋጅቼ ነበር።

በዚህ መሃል ጎረቤቴ በፌስታል ዳቦ ይዞ ወደ ቤቱ ሲወጣ ከታች ድምፃችንን ሰማና አልፎ እኛ ጋ መጣ። ሲያየን ቆመ። እኔ እርዳን አላልኩትም። ልጄም አላለችውም። ባለቤቴ ናት ቀኝ እጇን ወደ እሱ የዘረጋችው፤ ሕፃን ልጅ አንሱኝ ሲል እንደሚዘረጋው።

ፌስታሉን ደረጃው ላይ አስቀመጠና አነሳት። ያ ስንስቅበት የኖርነው ሆዱ እንደ መደርደሪያ ከስሯ ገብቶ ደገፋት። ቀስ እያለ፣ እያለከለከ፣ አንድም ጊዜ ሳይቆም ወረደ። ነጠላዋ ፊቷ ላይ አልነበረም። ጭንቅላቷን ትከሻው ላይ ጥላዋለች። አንዲት ጎረቤት በሯን ከፍታ "ምሕረቱን ያምጣልዎ እትዬ" ስትላት፣ "አሜን" ስትል ከላይ ሆኜ ሰማኋት።

ፌስታሉን አንስቼ በደረጃው መደገፊያ ብረት ላይ እየተደገፍኩ ተከተልኩ። ስደርስ መኪናው ውስጥ ተቀምጣለች። ለልጇ፣ "ከክሊኒክ በኋላ ወደ አንቺ ቤት ንጂ" አለቻት። "ልብሴን እሱ ነገ ያመጣልኛል።" እሱ የተባልኩት እኔ ነኝ፤ መስኮቱ አጠገብ ቆሜአለሁ። አላየችኝም። ውል ውል ነው፤ የእኔ ሚስት ቃሏን አታጥፍም።

መኪናው ሲሄድ ጎረቤቴ ላቡን በክንዱ እየጠረገ ጎኔ ቆመ።

"ጋሼ፣ ለካ እግር ነበር መሥራት የነበረብን" አለ። "እግርና ወገብ።"

"ታዲያ ያን ሁሉ ጊዜ ደረት ደረት ያልከኝ ለምንድነው?"

"ሰው የሚወደው ደረት ነዋ። ፎቶ ላይ እግር ማን ያያል?"

ክፋት የለበትም፤ የሚያውቀውን ነው የሰጠኝ። እኔ ግን ያን በጋ ሁሉ፣ ተንጋልዬ ከባድ ነገር ከላዬ ላይ መግፋት ስማር ነው የከረምኩት። ሰው የሚነሳው ቆሞ ነው። ፊደል አራሚ ሆኜ ይህን ስህተት ሳላየው ማለፌ የሙያ ውርደትም ነው።

አሁን በሳምንት ሁለቴ ቦሌ እሄዳለሁ። ደህና ነች። ተሽከርካሪ ወንበር ተገዝቶላታል፤ ፀሐይ ስትፈልግ ሊፍቱ ያወርዳታል። ከሕንፃው ሴቶች ጋር ወዳጅ ሆናለች። የሙሽራውን ወሬ እንዳወራችላቸው ያወቅሁት፣ ሳልፍ እኔን አይተው ሳቃቸውን ለመደበቅ አንገታቸውን ሲደፉ ነው። ስገባ መጀመሪያ የምትጠይቀኝ፣ "ደረትህ እንዴት ነው?" ብላ ነው። "ሥራ ፈቷል" እላታለሁ።

አንድ ቀን ልጅቷ ሳትኖር ጠየቅኋት። ውሉ ቢኖርም ሌላ ዕድል ልትሰጠኝ ትችል ነበር፤ እሷ ከፈለገች የማይታደስ ውል የለም።

"ለምን ሄድሽ?"

"እንዳይወድቅብኝ ብላ ሄደች በል። ለሚጠይቅህ ሰው።"

"እኔ ስጠይቅሽስ?"

በመስኮቱ ወደ ውጭ አየች። ከዚያ መስኮት የሚታየው የሌላ ሕንፃ መስኮት ነው።

"ደክሞኝ ነበር" አለች። "አንተ ስታቃስት እኔም አብሬ ሳቃስት። ሊፍቱ አያቃስትም።"

ተነስቼ ግንባሯን ሳምኳትና በዚያው ሊፍት ወረድኩ። እውነቷን ነው፤ አያቃስትም።

ብረቱን አሁንም አልተውኩም። እግር ጀምሬአለሁ፤ በጀሪካን። ማንን ልታነሳ ነው ብላችሁ ግን አትጠይቁኝ።

ያን የዳቦ ፌስታል ጎረቤቴ እጄ ላይ ረስቶት ነበር የሄደው። ሱቅ ረፈደብኝ ብሎ ከዚያው ወደ መገናኛ ታክሲ ተሳፈረ። ስመለስ በሁለተኛ ፎቅ በኩል ነው ያለፍኩት። ሚስቱ ውስጥ ነበረች፤ ሬድዮው ይሰማል። ማንኳኳት ነበረብኝ። አላንኳኳሁም። ባለቤቴን ያቀፈውን ሰው ዳቦ ይዤ በሩ ላይ ቆሜ ምን እንደምል ስላላወቅሁ አልፌ ወጣሁ። ማታ ቤት ውስጥ ሌላ የሚበላ አልነበረም። በላሁት። ዳቦው ለስላሳ ነበር።

ከዚያ ወዲህ ደረጃው ላይ በተገናኘን ቁጥር ስለ ውኃ እናወራለን፤ ስለ መብራት እናወራለን። እሱ እንደ በፊቱ "ጋሼ፣ እግርዎ እንዴት ሆነ?" ይለኛል። ስለዚያ ቀን አንስቶ አያውቅም፤ እኔም እግዜር ይስጥልኝ አላልኩትም። ዳቦ መመለስ ቀላል ነው፤ ከግቢያችን በር ላይ ይሸጣል። ችግሩ ዳቦ ሲመለስ አብሮት የሚባል ነገር አለ። ሁለት ጊዜ ገዝቼ በሩ ድረስ ሄጃለሁ፤ ሁለቱንም ጊዜ ራሴ በልቼዋለሁ። እስከ ዛሬ አለብኝ።